ወደ ግራ የምትሄደው ፍላጻ

መስከረም 19 ቀን 2002 ዓ.ም.፣ ወረታ

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም የሚሉት እውነት ነው። ራሴ መመለጥ ከጀመረ ቆይቷል፤ አፌ ያመለጠው ግን ለመስቀል ቁሐር ሚካኤል አማቾቼ ቤት ነው። ጠላውን ደጋገምኩና ምን እንዳቀበጠኝ እንጃ፣ «የከርከሮውን ነገር ለእኔ ተዉት» አልኩ። ቤቱ ሁሉ ጸጥ አለ። የማስተምርበት ክፍል ውስጥ እንኳ እንዲህ ጸጥ ብሎ የሰማኝ ሰው የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሚስቴ የይታይሽ አባት፣ አያ በላይነህ፣ ሩዛቸው ዘንድሮ ያምራል። ፍሬ መያዝ ሲጀምር ግን ከርከሮ በሌሊት ከወንዙ ዳር ቁጥቋጦ እየወጣ ይገለብጠው ጀመር። ዓመቱን የሚበላው ቤተሰብ ሌላ ማሳ የለውም። አምና ቢሆን ጠመንጃ ነበራቸው። አምና ግን በጨለማ አንድ ጥይት ለከርከሮ ተኮሱ፤ እዚህ አገር ደግሞ የሌሊት ጥይት ወይ «ድረሱልኝ» ነው ወይ «መጣሁብህ» ነው። በድንበር የተቀያየሟቸው ጎረቤታቸው አመሉ «በእኔ ላይ ነው» ብሎ ጠመንጃውን ይዞ ወጣ፤ ወንድሞቹም ከኋላው። ደም ሳይፈስ የነጋው በሚካኤል ቸርነት ነው ይላሉ። ከዚያ ሽማግሌ ገባ፣ ሁለቱም ማሉ፣ ጠመንጃዎቻቸው መሪጌታ ተክለ ሃይማኖት ዘንድ ተቀመጡ። ሩዝ ከተዘራ እስኪታጨድ በዚያ ማሳ ዙሪያ ጥይት አይጮኽም። ታርቀዋል ይባላል። አይነጋገሩም እንጂ ታርቀዋል።

እኔም ያልኩት፣ ድምፅ የሌለው መሣሪያ አለኝ ነው።

የመንገዱ ሥራ አማካሪ የነበረው ፈረንጅ ጎረቤቴ ኮንትራቱ ሲያልቅ የተወልኝ ቀስት ነው። ሥዕል ላይ እንደምናየው ዓይነት የእንጨት ቀስት አይደለም። ከላይና ከታች መዘውር አለው፤ ገመዱ በመዘውሮቹ ላይ ይዞራል። ሲስቡት መጀመሪያ ያስጨንቃል፣ መጨረሻው ላይ ግን ላላ ይልና ሰው ተረጋግቶ ማነጣጠር ይችላል። የፊዚክስ መምህር ነኝ፤ ይህን ነገር ከእኔ በላይ የሚረዳ ሰው ወረታ ውስጥ የለም። ይህንንም እዚያው ብያለሁ መሰለኝ።

አያ በላይነህ እስከ መጨረሻው አዳመጡኝና «ድምፅ የለውም?» አሉ። ምንም የለውም አልኩ። «የአንተስ ድምፅ እንዴት ነው? ሩቅ ይሄዳል?» አሉኝ። ምን ለማለት እንደፈለጉ አልገባኝም። ጠላ ስለጠጡ ይሆናል።

መስከረም 22

ጆንያ በጭድ ሞልቼ ጓሮ አቆምኩ። የመጀመሪያዋ ፍላጻ ጆንያውን ስታ የአከራዬን የቆርቆሮ አጥር በሳች። አከራዬ ወጥተው ቀዳዳውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ምንም ሳይሉ ገቡ። ቢሳደቡ ይሻለኝ ነበር።

መስከረም 25

ፈረንጁ ከመሄዱ በፊት አንድ ነገር አሳይቶኝ ነበር። ወረቀት በእንጨት ፍሬም ላይ ወጥረህ ፍላጻዋን በእሱ ውስጥ ታሳልፋለህ። ቀዳዳው ክብ ከሆነ ቀስቱ ተስተካክሏል። ወደ ጎን ከተቀደደ ፍላጻዋ ጅራቷን እየወዘወዘች ነው የምትሄደው ማለት ነው፤ እንዲህ የምትሄድ ፍላጻ ደግሞ ጉልበቷ መንገድ ላይ ያልቃል።

የአምናን የፈተና ወረቀት ወጠርኩ። አንዱ ተማሪ የኒውተንን ሦስተኛ ሕግ «ሁሉም ነገር አጸፋ አለው፣ ግን አንዳንዴ ይዘገያል» ብሎ የመለሰበትን። ክብ ቀዳዳ አልሆነም፤ ወረቀቱ አንድ ጣት ያህል ወደ ጎን ተቀደደ።

የፍላጻውን መቀመጫ ለማንቀሳቀስ ባለ ስድስት ማዕዘን ቁልፍ ያስፈልጋል። የብስክሌት መለዋወጫ የሚሸጠው መሐመድዘይን አለው። «ለብስክሌት ነው?» አለኝ። ለቀስት ነው አልኩት። ከላይ እስከ ታች አየኝና ቁልፉን ሰጠኝ።

ጥቅምት 1፣ እሑድ

ወደ ቁሐር በብስክሌት ሄድኩ። ወንዙ ዳር ያለው የማሳ ጫፍ ታርሶ የተተወ መሬት መስሏል። አያ በላይነህን ሳል ይዟቸዋል። ሌሊቱን ማማው ላይ አድረው ቀን ቀን አረም ይነቅላሉ። እማማ ንግሥቲ፣ የይታይሽ እናት፣ ቀስቱን ይዤ አለመምጣቴን ሲያዩ «ላም አለኝ በሰማይ» ብለው ወደ ማጀት ገቡ። እንድሰማው ነው ጮክ ያሉት።

ስለ ማማው አያ በላይነህ ያስረዱኝን ልጻፈው። ማሳው መሐል በእንጨት ቆሞ ከላይ ሣር የለበሰ መቀመጫ ነው። ሌሊቱን የሚጠብቀው ሰው ይጮኻል። ጩኸቱ ለከርከሮ ብቻ አይደለም። ከማማ ወደ ማማ «አለህ ወይ?» ይባላል፤ «አለሁ» ይመለሳል። እንቅልፍ እንዳይጥል፣ ሌባ እንዳይደፍር፣ የታመመም ካለ እንዲታወቅ ነው። አያ በላይነህና አመሉ ብቻ አይጠራሩም። አንዱ «ሆ!» ይላል ለራሱ፣ ሌላውም «ሆ!» ይላል ለራሱ።

«እደር ዛሬ፣ ታየዋለህ» አሉኝ። የማርመው ፈተና አለብኝ አልኩ። እውነት ነው፣ አለብኝ። ሌሊቱን የፈራሁት አለመሆኑን እዚህ ላይ መጻፍ እንኳ አያስፈልግም። ጉለሌ ተወልዶ ያደገ ሰው ጨለማ አይፈራም።

ስወጣ እማማ ንግሥቲ ለልጃቸው «የጎደለን ሰው ነው እንጂ ብረት አይደለም» ሲሉ ሰማሁ።

ጥቅምት 3

እብድ ልሆን ነው።

ደብረወርቅ የስፖርት መምህር ነው፤ ጡንቻ አለው፣ ሌላ ግን የለውም። ሊያየኝ ብሎ መጣ። ውኃ ላመጣለት ገባሁ። ስመለስ ቀስቱን ስቦ ይዞታል፣ ያለ ፍላጻ። «አትልቀቅ!» ከማለቴ ለቀቀው። ባዶ ቀስት ሲለቀቅ ጉልበቱ የሚሄድበት ያጣና ራሱን ይመታል። ገመዱ ከላይኛው መዘውር ወጥቶ እንደ ሞተ እባብ ተንጠለጠለ።

«ተሰበረ እንዴ?» አለኝ። ፈገግ እያለ ነው።

ጥቅምት 6

ትላንት ሌሊት ከርከሮዎቹ መሐል ድረስ ገቡ። ይታይሽ እዚያ ነበረች፣ እናቷ ቆርቆሮ ስትደበድብ እሷም እየጮኸች አደረች። ስትመለስ ድምፅዋ ጎርንኖ፣ ዐይኗ ቀልቶ። «ቀስቱ እንዴት ሆነ?» አለችኝ። ደብረወርቅ ነው ጥፋተኛው አልኳት። ደብረወርቅ ማን እንደሆነ ለመጠየቅ እንኳ አልሞከረችም፤ ፊቷን ታጥባ ተኛች።

ጥቅምት 8

ገመዱ ትላንት ቅዳሜ ሊገጠም ይችል ነበር። ቅዳሜ ግን የቢፒአር የአሠራር ለውጥ ስብሰባ ነበር። ሙሉ ቀን። «ሂደቱን ከሥር መሠረቱ እንቀይር» ሲባል ዋለ። እኔ ደግሞ ስለ መዘውር አስብ ነበር። ስብሰባውን የሚመራው ሰው «መምህር የኔነህ አስተያየት ያለው ይመስላል» አለኝ፤ ለካ እጄን አየር ላይ እያዞርኩ ነበር።

ዛሬ መሐመድዘይን ጋ ይዤው ሄድኩ። በመኪና ክሪክና በሁለት ጠፍጣፋ እንጨት ክንፎቹን አጥፈን ገመዱን ወደ ቦታው መለስነው። ፊታችንን በማዳበሪያ ከረጢት ሸፍነን ነው፤ ቢፈነጠር ዐይን ያጠፋል። ሚስቱ አሪፋ በር ላይ ቆማ ስታየን «ይኼን ያህል ከለፋችሁ ከርከሮውን ብታስተምሩት ይቀላችሁ ነበር» አለች። መሐመድዘይን ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

ጥቅምት 11

አሁን ሁለቱ መዘውሮች እኩል አይዞሩም። የላይኛው ይቀድማል። የላይኛው ከቀደመ የፍላጻዋ ጅራት ይዘላል። ወረቀቱ ቀድሞ ወደ ጎን ነበር የሚቀደደው፣ አሁን ወደ ጎንም ወደ ላይም ሆነ። ከነበርኩበት በታች ወረድኩ ማለት ነው።

ይታይሽ ለሦስተኛ ጊዜ ብቻዋን ሄደች። «አባቴ ብርድ ብርድ ይለኛል ይላል» አለችኝ። ሰው ሌሊት ሜዳ ላይ ሲያድር ይበርደዋል።

ይህን ጽፌ አሁን ሳነበው ደስ አላለኝም። እንዳለ ይቀመጥ።

ጥቅምት 15

ክብ! ክብ ሆነ! ወረቀቱ ላይ በእርሳስ የተበሳ የመሰለ ቀዳዳ! የገመዱን አንዱን ጫፍ ጠምዝዤ አሳጠርኩት፤ መዘውሮቹ እኩል ዞሩ፤ መቀመጫውን ወደ ውስጥ ገፋሁት። ደጋግሜ ወረወርኩ። ሁሉም ጆንያው ላይ አንድ ቡና ስኒ የሚሸፍነው ቦታ ላይ ገቡ። ብቻዬን ጓሮ ውስጥ እስክስታ መታሁ። አከራዬ አዩኝ።

ቀጣዩ እሑድ ሙሉ ጨረቃ ናት። ያኔ እሄዳለሁ።

ጥቅምት 17

ቀስቱ አዋረደኝ። እስከ ዛሬ የወረወርኩት በድቡልቡሉ የልምምድ ጫፍ ነው። ለአደን የሚሆነው ሌላ ነው፣ ሦስት ምላጭ ያለው። ፈረንጁ ሦስት ትቶልኛል። ዛሬ አንዱን ገጥሜ ወረወርኩ። ያችው ፍላጻ፣ ያው ቀስት፣ ያው ክንድ፤ አንድ ስንዝር ወደ ግራ ሄደች። ደገምኩት፤ ስንዝር ወደ ግራ። ምላጩ አየሩን እንደ ክንፍ ይይዛል፤ ልምምድ ላይ የማይታይ ትንሽ ጥመት ምላጭ ሲገጠም ያድጋል።

ሰው እንዲሁ ሲያዩት ቀጥ ያለ ይመስላል፣ ቁም ነገር ሲመጣ ነው የሚታወቀው። ማንን ነው የምሰድበው እኔ ራሴ?

ጥቅምት 22፣ እሑድ

ጨረቃዋ ሞላች። መርፌ የሚያስለቅም ብርሃን ነው። እኔ ወረታ ነኝ።

ከይታይሽ ጋር ተጣላን። እሷ አልጮኸችም፣ መጮኽ ሰልችቷታል። ልብሷን እየከተተች በቀስታ ነው የተናገረችው። «አባቴ ውርጭ ላይ ያድራል። አንተ ወረቀት ትበሳለህ» አለች።

ያልተስተካከለ ቀስት ይዞ መሄድ ከርከሮውን አቁስሎ መልቀቅ ነው፣ የቆሰለ ከርከሮ ደግሞ ሰው ይገድላል ብዬ አስረዳኋት። ትክክል ነኝ። እያንዳንዱ ቃል ትክክል ነው። እሷ ግን በሩን ከፍታ «ያለ ቀስቱ ብትመጣስ?» አለች።

ያለ ቀስቱ መጥቼ ምን አደርጋለሁ?

ጥቅምት 26

የፍላጻውን መቀመጫ የጸጉር ያህል ወደ ቀኝ ገፋሁ። ምላጩ ቀና አለ፣ ድቡልቡሉ ተበላሸ። ሁለቱም አንድ ላይ ካልገጠሙ ተስተካክሏል አይባልም ብዬ መለስኩት። ድቡልቡሉ ቀና አለ፣ ምላጩ ሸሸ። ሁለቱን ማስታረቅ አመሉንና አያ በላይነህን ከማስታረቅ ይከብዳል።

መሐመድዘይን ቁልፉን እንድመልስለት ጠየቀኝ። ነገ አልኩት። «የሱቅ ሰው ነኝና አትቀየመኝ» አለ፤ «መንዳት የማይፈልግ ደንበኛ ሁልጊዜ ፍሬኑ ይበላሽበታል።» ተቀየምኩት። ቁልፉን እዚያው ባንኮኒው ላይ ወርውሬለት ወጣሁ፤ ከዚያ ተመልሼ ይቅርታ ጠይቄ እንደገና ተዋስኩት።

ጥቅምት 30

አያ በላይነህን የያዛቸው ወባ ነው። ከማማው ሲወርዱ ወደቁ። ጤና ጣቢያ ወስደን መድኃኒት ተሰጥቷቸው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ይቃዣሉ። «ጩኹ፣ ጩኹ» ይላሉ። እማማ ንግሥቲ እያለቀሱ ግንባራቸውን በእርጥብ ጨርቅ ያብሳሉ። እኔን ቀና ብለው አላዩኝም። ያዩኝ ጊዜ ደግሞ አለማየታቸው ይሻል እንደነበር ገባኝ።

ማሳውን ሁለት ሴቶች እየተፈራረቁ ሊጠብቁት ነው። አንዷ ሚስቴ ናት።

ኅዳር 1

የታመመ ሰው ብርድ ብርድ ሲለው እኔ ምን ብዬ ነበር የጻፍኩት? ገልጬ አየሁት። አፍራለሁ።

ኅዳር 4፣ ዓርብ፣ በጥድፊያ

እሄዳለሁ። ዛሬ። ምላጩ አሁንም ስንዝር ወደ ግራ ነው። አውቄዋለሁ፣ ስለዚህ ስንዝር ወደ ቀኝ አነጣጥራለሁ። ይኸው ነው። ይታይሽንና እናቷን ጠዋት ደርሼ ዛሬ እንዲተኙ ነገርኳቸው። ቆርቆሮ የለም፣ «ሆ» የለም። ፀጥ ካለ ከርከሮው ተዝናንቶ ይመጣል። አያ በላይነህ ትኩሳቱ ለቋቸው እንቅልፍ ወስዷቸዋል፤ ለእሳቸው አልነገርናቸውም። ብስክሌቱ ጎማው ሙሉ ነው።

ፈርቻለሁ።

ኅዳር 5፣ ቅዳሜ

በሥርዓቱ ልጻፈው፣ አለበለዚያ ነገ ሌላ ሰው ያደረገው ይመስለኛል።

ሲመሽ ማማው ላይ ወጣሁ። ሜዳው ሰፊ ነው። ቀን ቀን በብስክሌት ሳልፈው የማውቀው ሜዳ አልነበረም። ትንኙ አልጣፈጠኝም ብሎ የተወኝ ቦታ የለም። ከሩቅ ጅብ ጮኸ። ከየማማው ድምፅ ይመጣል፤ «አለህ ወይ?» «አለሁ!»። አንዳንዱ ይቀልዳል፣ አንዱ ያንጎራጉራል። ከወዲያ ማዶ፣ ከአመሉ ማማ፣ «ሆ!» ይላል አንድ ወፍራም ድምፅ። ቆይቶ ደግሞ «ሆ!»። የእኛ ማማ ብቻ ዝም ብሏል። ኩራት ነበር የተሰማኝ። እነሱ ያባርራሉ፣ እኔ እገድላለሁ ብዬ።

ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው መሰለኝ፣ የአመሉ «ሆ» ቆመ። ትንሽ ቆይቶ «በላይነህ!» የሚል ጥሪ መጣ። «በላይነህ አለህ ወይ?»

ዝም አልኩ። አይነጋገሩም አይደል? ደግሞ ብመልስ ከርከሮው ይሸሽብኛል። እንደገና ጠራ። አሁን ድምፁ ከፊተኛው ቀጠን ብሏል። ትንፋሼን ይዤ ዝም አልኩ።

ሊነጋ ሲል፣ ቀጭኗ ጨረቃ ብቅ ስትል፣ ሩዙ ውስጥ ተንኮሻኮሸ። ከወንዙ በኩል አልነበረም፤ ከማዶ ነው የመጣው። ይህን ያኔ ላስበው ይገባኝ ነበር፣ አላሰብኩም። ጥቁር ነገር፣ ጎንበስ ያለ፣ ሩዙን እየገፋ ወደ ማማው ይመጣል። ይቆማል፣ ደግሞ ይመጣል። ቀስቱን ሳብኩ። መጀመሪያ አስጨነቀኝ፣ መጨረሻው ላይ ላላ አለ። በጥቁሩ ነገር መሐል አነጣጠርኩ። ለቀቅኩ።

ድምፅ የለውም ብዬ ነበር። እውነትም የለውም።

ጥቁሩ ነገር «በስመ አብ» አለ።

ከማማው እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም። መሬት ላይ በጉልበቴ ነበርኩ። አመሉ ጋቢውን ከነራሱ ተከናንቦ፣ በሩዙ መሐል ጎንበስ ብሎ እየዳበሰ ነው የመጣው። ፍላጻዋ ከትከሻው ጎን ጋቢውን በስታ አልፋ ከኋላው ጭቃ ውስጥ ተተክላለች። በጣቱ ቀዳዳውን እየነካካ ማን እንደሆንኩ ለማየት ፊቴን ያጠናል። የሱን ሰውነት ደግሞ እኔ እዳብሳለሁ፣ ደም እፈልጋለሁ። አልነበረም።

«አንቱ መምህር ነዎት?» አለኝ። ማማው ላይ ማን እንዳለ እንኳ አያውቅም ነበር። ማን ይንገረው?

«የሽማግሌው ድምፅ ጠፋብኝ» አለ። «ሰሞኑን ሴቶቹ ይጮኹ ነበር፤ ዛሬ ሽማግሌው ድነው የተመለሱ መስሎኝ ሌሊቱን ሙሉ እጠብቃለሁ፣ የለም። ብጣራም መልስ የለም። ማማው ላይ እንዳሉ የሞቱ መስሎኝ ነው የመጣሁ።»

እሱ ፍላጻዋን ነቅሎ ጭቃዋን በጋቢው ጫፍ ጠረገና ሰጠኝ። ምላጮቹን በጣቱ ሞክሯቸዋል። ቢጮኽ ኖሮ ወንድሞቹ ይመጡ ነበር፤ የአያ በላይነህ ቤት ደግሞ የታመመ ሽማግሌ፣ ሁለት ሴቶችና እኔ ነን ያለነው። አልጮኸም። የተናገረው ይህን ብቻ ነው፦ «መምህር፣ እዚህ አገር ሌሊት ዝም የሚል ሌባና ሬሳ ነው። ሁለተኛ ዝም እንዳይሉ።»

ሲሄድ ነው ትዝ ያለኝ። ስንዝር ወደ ቀኝ ማነጣጠር ነበረብኝ። ረሳሁት። ቀጥ ብዬ በሰውየው መሐል ነው ያነጣጠርኩት፤ ፍላጻዋ በልማዷ ወደ ግራ ሄደች። ሁለት ሳምንት ከምናምን የረገምኳት ስንዝር! መጠምዘዝ፣ መግፋት፣ ማሳጠር፣ ማን ነው ያልተሰደበ በሷ ምክንያት? ቀስቱን ባስተካክለው ኖሮ ሰው ገድዬ ነበር።

ከማማው ሥር ተቀምጬ አለቀስኩ። ይጻፍ።

ኅዳር 6፣ እሑድ

ለይታይሽ ነገርኳት። ለአያ በላይነህ ባልነግራቸው ይሻላል፣ ገና ከሕመም ነው ያሉት አልኳት። «እሱን አንተ ታውቃለህ» አለች። ይህ አነጋገሯ ከስድብ ይብሳል። ነገርኳቸው።

መደባቸው ላይ ተቀምጠው አጥሚት ይጠጡ ነበር። ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅኩ። ስንት ጊዜ እንደጠራ ጠየቁኝ።

«ሁለቴ» አልኳቸው።

«በስም?»

«በስም። በላይነህ አለህ ወይ ነው ያለው።»

ጽዋውን አስቀመጡና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እማማ ንግሥቲ ገብተው ጽዋውን አነሱ፣ ባዶ አለመሆኑን አይተው መልሰው አስቀመጡት።

ቁልፉን ለመሐመድዘይን መለስኩ። እስከ መጨረሻው አላየኝም፣ ደንበኛ ነበረው። ክብሬን ጠበቀልኝ።

ኅዳር 8

ማማው ላይ ሦስተኛ ሌሊቴ። ያለ ቀስት። እጮኻለሁ። «ሆ!» ማለት ቀላል ይመስል ነበር፤ ከሆድ ነው መውጣት ያለበት፣ ከጉሮሮ ከሆነ ቶሎ ይደክማል። አንዴ ተኛሁ፣ አራት ማማ ያህል ርቆ ያለ ሰው «አንተ የአዲስ አበባ ልጅ!» ብሎ ቀሰቀሰኝ። ስሜን ሁሉም ያውቃል ለካ። ከርከሮዎቹ ከወንዙ ዳር አልዘለሉም።

ጠዋት በብስክሌት ትምህርት ቤት። የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ላይ ሰሌዳው እየተንሳፈፈ ነበር።

ቀስቱን ማጀት ውስጥ ሰቅዬዋለሁ። እማማ ንግሥቲ ነጭ ሽንኩርት አንጠልጥለውበታል፤ መዘውሩ ላይ በደንብ ይይዛል አሉ።

ኅዳር 10

ድምፄ እየሄደ ነው። ተማሪዎች ይስቃሉ። ስለ ኃይልና አጸፋ ኃይል በሹክሹክታ አስተማርኩ፣ በሕይወቴ እንዲህ ጸጥ ብለው ሰምተውኝ አያውቁም።

ኅዳር 12፣ ሚካኤል

ሰኞ አጨዳ ነው። ወንዙ ዳር ያለው ጫፍ ጠፍቷል፤ የቀረው ግን ቆሟል። «ዓመቱን እንከርማለን» አሉ እማማ ንግሥቲ፤ ከእሳቸው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ከዚያ አንድ ማሰሮ እርጎ ሰጡኝ፣ «ለጉሮሮህ» ብለው። የጎደለን ሰው ነው እንጂ ብረት አይደለም ያሉትን ግን መልሰው አላነሱም፣ እኔም አላነሳሁትም።

ቤተ ክርስቲያን ላይ አመሉን ከሩቅ አየሁት። ጋቢውን ገልብጦ ነው የለበሰው፣ ፍላጻዋ የበሳችው ቀዳዳ ለእኔ በቀኝ በኩል እንዲታይ። ወይም መሰለኝ።

አጨዳው ስለደረሰ አያ በላይነህ አልተኛም ብለው በሁለት ጋቢ ተጠቅልለው መጡ። ማማው ላይ መውጣት ስላልቻሉ ከሥሩ በርጩማ ላይ ተቀመጡ። ይታይሽም አጠገባቸው። ከየማማው መጠራራቱ ዛሬ ደመቅ ያለ ነበር፣ የበዓል ጠላ አለበት። እኔም ተራዬ ሲደርስ ያለችኝን እንጥፍጣፊ ድምፅ እያወጣሁ «አለሁ» አልኩ። ከዚያ አለቀች። አፌን ስከፍት ነፋስ ብቻ ሆነ።

ያኔ ነው ከማዶ የመጣው። «በላይነህ! አለህ ወይ?»

አፌን ከፈትኩ። ምንም የለም። እንደገና ሞከርኩ፣ ሳል ብቻ ወጣ። ከማዶ ዝምታ ሆነ፤ ያ ዝምታ ምን እንደሚያመጣ እኔ አውቃለሁ፣ አመሉም ያውቃል። ወደ ታች አጎንብሼ ይታይሽን «ጥሪ፣ አንቺ መልሺለት» ልላት ነበር፣ እሱም አልወጣልኝም።

ከማዶ እንደገና፣ አሁን ቀጠን ብሎ፣ «በላይነህ?»

በርጩማው ተንቋቋ። አያ በላይነህ የማማውን እግር ይዘው ተነሡ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ወባ የበላው ሰውነት ያን የመሰለ ድምፅ ከየት እንዳመጣ አላውቅም።

«አለሁ፣ አመሉ! አለሁ!»